በመጋቢት ገጽ ላይ ያለችው ሴት

ጥቅምት 9

ይድረስ ለእትዬ፤

እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤዎ መጀመሪያ ሥዕሎቼ ያሉበትን የቀን መቁጠሪያ ያተመው ማተሚያ ቤት ደርሶ፣ እዚያ አንድ መሳቢያ ውስጥ ከርሞ ነው እጄ የገባው። ከገባ በኋላ የዘገየው ግን በእኔ ጥፋት ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠረጴዛዬ ላይ ሆኖ ሲያየኝ ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

እትዬ ብዬ መጀመሬንም ይቅር ይበሉኝ። በልጅነቴ እንዲያ ነበር የምልዎት፤ ከሠላሳ ሁለት ዓመት በኋላ ሌላ መጠሪያ ብፈልግ አልመጣልኝም።

«ጥርሴን ልነቀል ተራ ስጠብቅ ግድግዳው ላይ ራሴን አገኘሁት» ብለው የጻፉት ላይ ስደርስ ሳቅሁ። ቀጥሎ ግን እንዲህ ይላል፤ «የመጋቢት ገጽ ላይ ያለችው ሴት እኔ መሆኔን በጀርባዬ አውቄአለሁ። ፊቴን ለምን አልሳልሽውም?»

አልዋሽዎትም፤ እርስዎ ነዎት። ደረጃው የድሮው ቤታችን ደረጃ ነው። ሳፋ ውስጥ ተቀምጣ ውሃው ላይ የምትንሳፈፈው ልጅ እኔ ነኝ። ከላይ እንደ ወፍ መንጋ የሚበሩት አንሶላዎች ናቸው። ከደረጃው ግርጌ ጥቅል በብብቷ ይዛ ጀርባዋን የሰጠችው ደግሞ የአባቴ ሚስት ናት። ፊትዎን ያልሳልኩት በቂም አይደለም። አላስታውሰውም። እጅዎን አስታውሳለሁ፤ ከሳሙና ብዛት የተሸበሸቡት ጣቶችዎ ዛሬም ይታዩኛል። ፊትዎ ላይ ስደርስ ግን ወረቀቱ ባዶ ይሆንብኛል።

ሰዎች ሥዕሎቼን ሲያዩ «ህልም ይመስላሉ፣ ታሪክ ይነግራሉ» ይላሉ። አሠራሬ ግን ቀላል ነው። ወረቀቱን በውሃ አርሰዋለሁ፣ ቀለሙን ጠብ አደርግበታለሁ፣ ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ ቁጭ ብዬ አያለሁ። የማላስታውሰውን ቦታ ሁሉ ውሃው ይሞላልኛል። የውሃ ቀለም ሌላ ቀለም ደርበውበት የሚታረም ነገር አይደለም፤ የሆነው ሆኗል።

የምጠይቅዎት አንድ ነገር ነበረኝ። ለዛሬ ይቆየኝ።

አክባሪዎ

—

ኅዳር 2

ለጠብታ፤

«እርስዎ» ስትዪኝ ዘወር ብዬ ከኋላዬ ማን እንዳለ አየሁ። አንቺ እንደፈለግሽ፤ እኔ ግን ጸጉሯን እያበጠርኩ ያሳደግኳትን ልጅ አንቱ ማለት አልችልበትም።

እንዴት እንዳወቅኩሽ ሳይገርምሽ አይቀርም። ስምሽን ሰምቼ አይደለም። ከሥዕሉ ጥግ በስም ፋንታ አንዲት የውሃ ጠብታ አለች። ጠብታ የሚለውን ስም ያወጣልሽ አባትሽ ነው፤ ስትወለጂ የምታክይው ይችኑ ነበር አሉ፤ የቧንቧ ሠራተኛ ደግሞ ልጁን ሌላ ምን ብሎ ይጠራል? እሷን ጠብታ ሳይ ደርቄ ቀረሁ። ነርሷ ስሜን ጠርታ ጠርታ ሲሰለቻት ሌላ ሰው አስገባች። ጥርሱ በማግስቱ ተነቀለ። አሁን በግራ በኩል ነው የማኝከው፤ ከዚያ በቀር ደህና ነኝ።

አሁን ሥዕልሽን ላርምልሽ። ደረጃው አሥራ አንድ ነው፤ አንቺ አሥራ አራት አድርገሽዋል። እርጥብ ልብስ ተሸክሜ በየቀኑ ጣሪያ የወጣሁት እኔ ስለሆንኩ በዚህ አትከራከሪኝ። ውሃውም ህልም አይደለም። አባትሽ የሰፈሩን ቧንቧ ሁሉ ጠግኖ ይመጣና የራሱን ቤት ቧንቧ ያረጀ ጎማ፣ ጎሚኒውን፣ «ነገ እቀይረዋለሁ» ይላል። ነገ ሲል ሲል አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ቧንቧው ፈንድቷል። ውሃው በደረጃው ይወርዳል፣ ሳሎኑ ሞልቷል፣ አንቺ ሳፋዬ ውስጥ ተቀምጠሽ በማማሰያዬ ትቀዝፊያለሽ። እሱ ሱሪውን ጠቅልሎ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ይስቃል።

«ዝጋው እንጂ ሰውዬ!» ብለው፣

«ትንሽ ትጫወትበት» አለኝ።

ያን ቀን ሁለታችሁንም በዚያው ማማሰያ ባልኳችሁ ደስ ባለኝ። ወለሉን የጠረግሁት እኔ ነኛ።

ሰማያዊሽም የእኔ ነው። እሠራበት የነበረው ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነጭ አንሶላ የሚነከርበት ሰማያዊ ዱቄት ነበር። በወረቀት ጠቅልዬ ትንሽ ለቤት አመጣ ነበር። አንቺ እሱን በኩባያ በጥብጠሽ፣ የአባትሽ ነጭ ሸሚዝ ላይ በጣትሽ ባሕር ሠራሽ። የመጀመሪያ ሥዕልሽ እሱ ነው፤ ለሚጠይቁሽ ንገሪያቸው። እኔ ተቆጣሁ፤ እሱ ለብሶት ሥራ ሄደ።

እትዬ

—

ኅዳር 24

ለእትዬ፤

ደብዳቤዎን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርዎትም፤ ያሳፍረኛል። አንድ ጋዜጠኛ «በሥዕሎችሽ ውስጥ ያለው ውሃ ከየት ይመነጫል?» ሲለኝ «ከነፍሴ» ብዬው አትሞታል። ከጎሚኒ መሆኑን ማን ነገረኝ!

ያን ሰማያዊ ለማግኘት ደግሞ ሃያ ዓመት አራት አምስት ቀለም ስደባልቅ ኖሬአለሁ። አንዱ ይጠቁርብኛል፣ አንዱ ይገረጣብኛል። ለካ የምፈልገው አንሶላ ላይ የነበረውን ኖሯል።

እስኪ ይህንንም ይንገሩኝ። የግንቦት ገጽ ላይ የተዘረጋ ጃንጥላ ጀርባው ላይ የበቀለበት፣ ከጣሪያ ላይ ሊበር የተነሳ ትንሽ ሰውዬ አለ። ከልጅነቴ ጀምሮ እስለዋለሁ። ከየት እንደመጣ አላውቅም። እሱንስ ያውቁታል?

ፎቶግራፍ ካለዎት ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል። የወጣትነትዎ ቢሆን የበለጠ። ፊትዎን ልሥራው።

ያቆየሁትን ጥያቄም እነሆ፤ ለምን ሄዱ? አባቴ ከሞተ ሦስት ወር እንኳ አልሆነውም ነበር። አክስቴ «ጥላሽ ሄደች» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም። አክስቴ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ አሳድጋኛለች፣ አስተምራኛለች፣ አምና ዐርፋለች። ያን ያለችበት ድምፅ ግን ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ጠብታ

—

ታኅሣሥ 12

ለጠብታ፤

የአክስትሽን ዕረፍት አልሰማሁም ነበር። ነፍሷን ይማር። ከእኔ ጋር ብዙ አልተዋደድንም፤ ለአንቺ ግን ሰው ነበረች።

ባለ ጃንጥላው አባትሽ ነው፤ ሌላ ማን ይሆናል? ኃይለኛ ዝናብ እየጣለ ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር ተዘጋ። እሱ ሁለት እጁ ለመፍቻው እንዲተርፈው ብሎ ጃንጥላዬን በልብስ ማስጫ ገመድ ጀርባው ላይ አሰረው። ነፋሱ ሲመጣ ጃንጥላው እሱን ይዞት ሊሄድ! የገመዱን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። አንቺ በመስኮት አንገትሽን አውጥተሽ «አባዬ በረረ! አባዬ በረረ!» እያልሽ ታጨበጭቢያለሽ። እሱ ደግሞ እንድታጨበጭቢ ብሎ አውቆ ይንጠራራል። ወርዶ ሲመጣ ከጸጉሩ እስከ ጫማው ውሃ ነበር። ሦስታችንም አንድ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተን ሻይ ጠጣን፤ እሱ መሃል። እንደዚያ ያለ ቀን ሁለተኛ አልመጣም አልልሽም፤ መጥቷል። ሲመጣ ግን አናውቀውም ነበር፤ የዘወትር ቀን ነበር የሚመስለን።

ፎቶግራፍ አልልክልሽም። አለኝ፤ ግን አልልክልሽም። ከፎቶግራፍ ላይ ቀድተሽ የምትሠሪው ፊት የፎቶግራፉ እንጂ የእኔ አይሆንም።

ሌላውን ጥያቄሽን አንብቤዋለሁ። ዛሬ አሁን የምሠራበት የእንግዳ ማረፊያ አንሶላ በዝቶብኛል፤ ካውያው ጋለ።

እትዬ

—

ጥር 6

ለእትዬ፤

ካውያው ከጋለ ወር ሊሞላው ነው። አልቀዘቀዘም?

ይህን ጽፌ ልቀደው ነበር፤ ተውኩት። ተቆጥቼ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ፤ እርስዎን ከመጠየቄ በፊት የራሴን መናገር ነበረብኝ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ሲሄዱ አይቼዎታለሁ። ተኝታለች ብለው በሩን ቀስ አድርገው ነው የዘጉት፤ እኔ ግን ነቅቼ ነበር። በመስኮቱ ሳይዎት ከደረጃው ግርጌ ደርሰው ጥቅሉን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወሩ፤ ትንሽ ቆሙ። ብጣራ ይሰሙኝ ነበር። አልተጣራሁም። ምክንያቱም ከዚያ በፊት በነበረው ቀን «አንቺ የእኔ አይደለሽም፤ ሂጂልኝ!» ብዬዎት ነበር። ስለዚህ ሲሄዱ ሳይ ታዘዙኝ ብዬ አሰብኩ።

ሥዕሉን ያዩ ሰዎች ያቺ ሴት ልጅቷን ስትከዳት ነው የሚታያቸው። እኔ ስስለው ግን ያባረርኳትን ሰው ነው የምስለው። ስንት ዓመት ሙሉ በየሥዕሉ ውስጥ ቆመው የሚሄዱት ለዚህ ነው። ፊትዎ ያልመጣልኝም ለዚህ ይሆናል፤ ቢዞሩ ምን እንደሚሉኝ ስለምፈራ።

ጠብታ

—

ጥር 29

ለጠብታ፤

ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። ይኸኛውን ሳላነበው ፖስታ ውስጥ እከተዋለሁ። ስልክ እንዳልደውልልሽ ደግሞ ስልክ ላይ ድምፄ እንጂ ሐሳቤ አይመጣልኝም።

አባትሽ ሲሞት ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሰው ሁሉ ለአንቺ አለቀሰ፤ ተገቢ ነው። እኔ ለለቀስተኛው ሻይ አፈላ ነበር። ከዚያ ቤቱ ለአክስትሽ ይሁን ተባለ፤ ልጅቷም ከእሷ ጋር ትሁን ተባለ። እኔን ሂጂ ያለኝ የለም፤ ተቀመጪ ያለኝም የለም። አክስትሽ አባረረችኝ ብልሽ ታምኚኝ ነበር፤ እሷም ተነስታ አትከራከረኝም። ግን አላባረረችኝም። ደከመኝ፣ ጠብታ። የሞተው ባሌ ነው፤ የቀረችኝ ልጅ ግን የእኔ ናት ለማለት ማንም ወረቀት አልሰጠኝም። አንድ ቀን ማልጄ ተነሳሁ፣ ሁለት ቀሚሴንና ካውያዬን ጠቀለልኩ፣ ወጣሁ።

«ሥራ ላግኝና መጥቼ እወስዳታለሁ» ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሥራውን አገኘሁ። አልመጣሁም። በመጀመሪያው ዓመት አፍሬ ሳልጽፍልሽ ቀረሁ። በሁለተኛው ዓመት፣ በመጀመሪያው ዓመት ስላልጻፍኩ አፈርኩ። ከዚያ በኋላ ዓመቶቹ አንዱ ባንዱ ላይ እየተጫኑ ሄዱ፤ ከሥር ያለውን ማውጣት አቃተኝ። ይኸው ነው። ከዚህ ያማረ ምክንያት የለኝም።

ስለተናገርሽው ደግሞ፤ አላስታውሰውም። ይህን ለማጽናናት ብዬ አይደለም። በየጠዋቱ ትዪው ነበር እኮ! ጸጉርሽ ሲጎተት «ሂጂልኝ»፣ ሾርባ ስሰጥሽ «ሂጂልኝ»፣ ገላሽን ሳጥብሽ «ሂጂልኝ»። ያ የሚያስኬደኝ ቢሆን በመጀመሪያው ሳምንት በሄድኩ። አምስት ዓመት ሙሉ ሂጂልኝ እያልሽ ማታ ማታ የቀሚሴን ጫፍ ጨብጠሽ ነበር የምትተኚው። ይህን ሁሉ ዘመን ተሸክመሽው ከሆነ ዛሬ አውርጂው። የሄድኩት በራሴ እግር ነው።

ከደረጃው ግርጌ የቆምኩትን አይተሻል ለካ። ልመለስ ነው የቆምኩት። ከዚያ አልተመለስኩም።

እትዬ

—

የካቲት 20

ለእትዬ፤

ሁለት ሳምንት ተናድጄብዎት ነበር። በመንገድ ስሄድ ብቻዬን እናገር ነበር፤ ሰው ዞሮ እስኪያየኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር እኮ፣ ምን ነበር አንዲት ፖስት ካርድ? እያልኩ። ይህን ልደብቅዎት አልፈልግም። የሚገርመው፣ ተናድጄ ስጨርስ ቀለለኝ። እስካሁን የምናደደው በራሴ ነበር፤ በሌላ ሰው መናደድ ያሳርፋል።

ፊትዎን ለመሥራት ሰባት ወረቀት አበላሽቻለሁ። አንዱ አክስቴን መሰለ። አንዱ ዳቦ ቤት የምትሸጠውን ሴት መሰለ። ሌላው ቀለሙ ሳይደርቅ አዘንብዬው ወደ አገጩ ፈሰሰ። ተውኩት። ጀርባዎን ግን አስተካክያለሁ፤ ድሮ አጎንብሼዎት ነበር፣ አሁን ቀና ብለዋል። ደረጃውንም አሥራ አንድ አደረግሁት።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥዕሎቼ ለሕዝብ ይታያሉ። ከመጋቢት ገጽ ተነስቼ የሠራሁት ትልቅ ሥዕል መግቢያው ፊት ለፊት ይሰቀላል። የጥሪ ካርዱ ፖስታው ውስጥ አለ። ይምጡ። መምጣት ካልፈለጉም ይጻፉልኝ።

ጠብታ

—

መጋቢት 17

ለጠብታ፤

መጥቼ ነበር።

አዎ፣ መጥቼ ነበር። ግራጫ ሹራብ ለብሼ፣ ቦርሳዬን በሁለት እጄ ይዤ። አዳራሹ ሰው በሰው ነበር። ትልቁ ሥዕል ፊት ቆምኩ። አጠገቤ አንድ ባለ መነጽር ሰውዬ ለሚስቱ ሲያስረዳት፣ «ይህቺ ሴት ሞት ናት፤ ልጅነትን ይዛ የምትሄድ ሞት» አላት። እኔ ካውያ ነው የያዝኩት ልለው ምንም አልቀረኝ።

ከዚያ አንቺ መጣሽ። ከሩቅ ነው ያወቅኩሽ፤ የአባትሽ አረማመድ ነው ያለሽ፣ አንድ ትከሻሽን አስቀድመሽ። ፊት ለፊቴ ቆምሽ። አየሽኝ። ወንበር ከጥግ ጎትተሽ አመጣሽልኝና፣

«እናቴ፣ ቁጭ ይበሉ፤ እግርዎን ያምዎታል» አልሽኝ።

ተቀመጥኩ። «ወደዱት ሥዕሉን?» አልሽኝ።

«ሰማያዊው ጥሩ ነው» አልኩሽ።

ሳቅሽ፤ ሰዎች ጠሩሽ፤ ሄድሽ። ያቺ ወንበር ላይ እስከሚዘጋ ድረስ ተቀመጥኩ ብልሽ ውሸት ነው። ትንሽ ቆይቼ ወጣሁ፤ የመጨረሻው አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ።

ለምን አልተናገርሽም እንደምትዪኝ አውቃለሁ። አፌን ከፍቼ ነበር። ግን «እናቴ» ብለሽኛል። ለማታውቂው ሰው የሚባል ነገር እንደሆነ አይጠፋኝም፤ አውቶቡስ ላይ ቦታ ሲለቁልኝ ሁሉም ይሉኛል። ቢሆንም። አምስት ዓመት ከአንቺ ጋር ስኖር አንድም ቀን ብለሽኝ አታውቂም ነበርና፣ ስሜን ነግሬሽ ከምትደነግጪብኝ፣ ያንን ይዤ ልሂድ አልኩ።

እንዳይከፋሽ። ደስ ብሎኝ ነው የተመለስኩት።

እትዬ

—

መጋቢት 21

ለእትዬ፤

አላወቅሁዎትም። ግራጫውን ሹራብ አስታውሳለሁ። ቦርሳዎን ጉልበትዎ ላይ አድርገው ቀጥ ብለው ሲቀመጡ አስታውሳለሁ። «ሰማያዊው ጥሩ ነው» ያሉኝን ማታውን ለጓደኛዬ ነግሬያት ስቀናል። እግዜር ያውቃል፣ አየሁዎት፤ አይቼም አለፍኩ። ስንት ዓመት ለፈለግኩት ፊት ወንበር ሰጥቼው ሄድኩ።

ከዚህ በላይ በደብዳቤ አልችልም። አውቶቡሱ ከየት እንደሚነሳና የት እንደምወርድ ብቻ ይጻፉልኝ። እባክዎ ቶሎ።

ጠብታ

—

ሚያዝያ 11

ለእትዬ፤

ደህና ገባሁ። መንገድ ላይ አንድ ጎማ ተንፍሶብን ሁላችንም ወርደን ቆመን ነበር እንጂ ሌላ ችግር አልገጠመኝም። የጠቀለልሽልኝን ዳቦ እዚያው ቆሜ ጨረስኩት።

ስሰናበትሽ በር ላይ «አንቺ» የሚለው ቃል አምልጦኝ ስደነግጥ «ቀጥይበት» አልሽኝ አይደል? ይኸው ቀጥያለሁ።

ስመጣ አውቶቡስ ውስጥ ሙሉ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለማመደው። አንቺ በሩን ከፍተሽ ገና ሳታቅፊኝ «ጫማሽን አውልቂ፤ ወለሉን አሁን ነው ያጠብኩት» ስትዪኝ ንግግሩ ጠፋኝ። ከዚያ «እጅሽ ንጹሕ ነው?» አልሽና የአንሶላውን ጫፍ አስያዝሽኝ። እንግዶቹ ሳይመጡ መታጠፍ ነበረበት።

እንዴት እንደሚታጠፍ አላውቅም ነበር። አንቺ ወዲያ ጫፍ፣ እኔ ወዲህ ጫፍ። ወጠር፣ አራገፍ፣ ከዚያ ወደ አንቺ እመጣለሁ፤ ጥጉን ከእጄ ትቀበይኝና እንደገና ወደ ኋላ ትሰጂኛለሽ። «ሠዓሊ ተብለሽ ጥግ ከጥግ መግጠም ያቅትሻል?» አልሽኝ። በስድስተኛው ላይ ለመድኩት። ሁልጊዜ ስጠጋሽ ጣቶችሽ ጣቶቼን ይነኩና ይሄዳሉ፤ ይነኩና ይሄዳሉ።

አንዱ ላይ ስንደርስ፣ ስንተኛው እንደሆነ አላውቅም፣ አንቺ አላራገፍሽውም። የያዝሽውን ጫፍ ወደ ፊትሽ አነሳሽውና እዚያው ያዝሽው። ምን ላድርግ? ልምጣ? ልተው? ጫፌን ይዤ ቆምኩ። አልጎተትኩም። ቆይተሽ ዝቅ አደረግሽው፤ ዓይንሽ ቀልቷል። «ሳሙናው ነው» አልሽኝ። «አዎ፣ እኔንም ነክቶኛል» አልኩሽ።

የፊታችን ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ቲኬት ቆርጫለሁ። ትናንሾቹን አጣጥፈሽ ጨርሻቸው፤ ለባለ ሁለት ሰው አልጋ የሆኑትን ትልልቆቹን ግን ቅርጫቱ ውስጥ አቆዪልኝ። ብቻሽን ስታጥፊያቸው መሬት ይነካሉ።

ጠብታ